ከኮሌጅ ሜዳ ወደ ሙያ ሩጫ፤ የያሬድ ንጉሤ መንገድና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

አንድ ወጣት ተማሪ የሯጭነት ተሰጥዎ ቢኖረው ደብተሩን ይያዝ ወይስ ጫማውን? ይህ ጥያቄ በአገራችን በብዙ ቤት ውስጥ ይነሣል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በምክር ሳይሆን በችግር ነው። ሩጫው ቶሎ እንጀራ የሚያበላ መስሎ ከታየ ልጁ ወደ ሩጫው ያዘነብላል፤ ወላጆቹ ዕድሉን ካላመኑት ደግሞ ጫማውን አስቀምጦ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ ይመከራል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ግን ስፖርተኛን በኮሌጅ ውስጥ አሳድጎ፥ ዲግሪ አስይዞ፥ ከዚያ በኋላ ለሙያ ውድድር የሚያስረክብ መንገድ ከተዘረጋ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መንገድ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ተመርኩዞ ማስረዳት ነው። ሰውየውም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው የ1,500 ሜትርና የማይል ሯጭ ያሬድ ንጉሤ ነው። ከእርሱ ጋር ለማነጻጸር በቤት ውስጥ የማይል ሩጫ የዓለምን ክብረ ወሰን ከእርሱ በፊት ይዞ የነበረውን የአገራችንን ሯጭ ዮሚፍ ቀጄልቻን እንጠቅሳለን። በመጨረሻም ከንጽጽሩ ለሐዋሳና ለዩኒቨርሲቲያችን የሚበጅ ነገር ይገኝ እንደ ሆነ እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አማተርና ፕሮፌሽናል

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላትን ማብራራት ያስፈልጋል። አማተር የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ወዳጅ፥ አፍቃሪ ማለት ነው፤ ይኸውም ስፖርቱን ስለ ፍቅሩ ብቻ የሚሠራ፥ ገንዘብ የማይቀበልበት ሰው ነው። ፕሮፌሽናል ማለት ግን ስፖርትን መተዳደሪያው ያደረገ ሙያተኛ ነው።

በቀድሞው ዘመን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረው አጥር እጅግ የጠበቀ ነበር። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን ሁለት ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ፥ ከዚያ በፊት ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። ክብሩ የተመለሰለት በ1982 ነው፤ እርሱ ግን በ1953 ሞቶ ነበር። የእኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፥ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፉ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በሩጫ ሳይሆን በወታደርነት ደመወዝ ይተዳደሩ ስለ ነበር ሕጉ አልነካቸውም። በብዙ አገሮች ሯጭ ከወታደር፥ ከፖሊስ ወይም ከተማሪ መካከል ይወጣ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ሯጩ የሚበላውን ሌላ ሰው መስጠት ነበረበትና።

ይህ አጥር በ1980ዎቹ ዓመታት ፈረሰ። በ1982 ሯጮች የሚያገኙት ገንዘብ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥላቸው ተፈቀደ፤ ቀስ በቀስም በግልጽ ሽልማት መቀበል ተለመደ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም በ2001 «አማተር» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። ከዚህ በኋላ ለወጣቱ ሯጭ የሚቀርበው ጥያቄ «ገንዘብ ልቀበል ወይስ አልቀበል?» የሚል መሆኑ ቀርቶ «መቼ ልቀበል?» የሚል ሆነ።

የዚህ ጥያቄ ክብደት ቀደም ብሎ የታየው በጎልፍ ነው። ጎልፍ በአገራችን ብዙ ተጫዋች የሌለው ስፖርት ቢሆንም፥ ከኮሌጅ ወደ ሙያ የሚወስደውን መንገድ ለመረዳት ይጠቅማል። ጃክ ኒክላውስ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲማር በ1961 የኮሌጆችን ሻምፒዮና አሸንፎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ፤ ዲግሪውን ግን ሳይጨርስ ቀረ። ታይገር ዉድስም በስታንፎርድ ሁለት ዓመት ብቻ ተምሮ፥ በ1996 የኮሌጆችን ሻምፒዮና ካሸነፈ በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ፊል ሚከልሰን ግን በ1991 ገና የአሪዞና ስቴት ተማሪ ሳለ የፕሮፌሽናሎችን ውድድር አሸንፎ፥ አማተር ስለ ሆነ የሽልማቱን ገንዘብ ሳይወስድ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ በ1992ም በሥነ ልቡና ትምህርት ተመረቀ። ሦስቱም ታላላቅ ተጫዋቾች ሆነዋል። ስለዚህ አሸናፊዎቹን ብቻ የተመለከተ ሰው ዲግሪው ትርፍ ነገር ነው ሊል ይችላል። ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን ወደ ታች እንመረምራለን።

የኮሌጁ መንገድ አሠራር

በአሜሪካ የኮሌጆችን ስፖርት በዋናነት የሚመራው ኤን ሲ ኤ ኤ በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ ማኅበር ነው። ሕጉ ብዙ ቢሆንም ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው።

አንደኛው፥ ስፖርተኛው በእርግጥ ተማሪ መሆን አለበት የሚለው ነው። ሙሉ ጊዜ ተመዝግቦ መማር ብቻ ሳይሆን፥ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለዲግሪው ከሚያስፈልገው ትምህርት 40 በመቶ፥ በሦስተኛው 60 በመቶ፥ በአራተኛው 80 በመቶ መጨረስ ይጠበቅበታል። ይህን ያላሟላ ተማሪ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይሰለፍም። ሁለተኛው፥ በውድድር ወራት ልምምዱ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚከለክለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የዘመን ገደብ ነው፤ ተማሪው ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ሕግ መሠረት በአምስት ዓመት ውስጥ ከአራት የውድድር ዓመት በላይ ለኮሌጁ አይሰለፍም።

ነጻ የትምህርት ዕድል ሲባል ሁሉም ተማሪ ሙሉ ወጪው ይሸፈንለታል ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 2025 ድረስ አንድ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለወንዶች አትሌቲክስ በጠቅላላው ሊሰጥ የሚችለው የ12.6 ሰው ሙሉ ወጪ፥ ለወንዶች ጎልፍ ደግሞ የ4.5 ሰው ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ሯጩ፥ ዘላዩና ወርዋሪው ሁሉ ይካፈሉታል። ስለዚህ ብዙዎቹ ግማሽ ወይም ሩብ ያገኛሉ፤ የቀረውን ቤተሰብ ወይም ብድር ይሸፍነዋል።

መንገዱ ሌላም ዕዳ አለበት። የረጅምና የመካከለኛ ርቀት ሯጭ በመከር የአገር አቋራጭ፥ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ፥ በጸደይ የሜዳ ውድድር ስለሚጠብቀው ሰውነቱ ዕረፍት አያገኝም። ኮሌጁም በተማሪው ስም ሲጠቀም ተማሪው እስከ 2021 ድረስ ከስሙ ምንም ገቢ እንዲያገኝ አይፈቀድለትም ነበር። በዚያ ዓመት በስሙና በመልኩ ከማስታወቂያ ገቢ ማግኘት ተፈቀደለት፤ በ2025 ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተወሰነ። አማተርነት በመጨረሻው ምሽጉ ላይም እንዲህ ተሸነፈ።

ያሬድ ንጉሤ

ያሬድ ንጉሤ በ1999 ተወልዶ ያደገው በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ነው። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። ሩጫን የጀመረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም በኢንዲያና ግዛት ወደሚገኘው የኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ አጠና። አሳቡም የጥርስ ሐኪም ለመሆን ነበር። ይህ ነጥብ ቀላል መስሎ ቢታይም የሕይወቱ ቁልፍ ነው፤ ያሬድ ወደ ኮሌጅ የገባው ሩጫውን ሊያግዝለት በሚችል ትምህርት ላይ ሳይሆን፥ ሩጫው ባይኖርም እንኳ ራሱን ሊያስችለው በሚችል ትምህርት ላይ ነበር።

በ2019 የኮሌጆችን የ1,500 ሜትር ሻምፒዮና በሰከንድ ሺኛ ክፍሎች ልዩነት አሸነፈ። የ2020 ሻምፒዮና በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ። በግንቦት 2021 ያንኑ ርቀት በ3 ደቂቃ ከ34.68 ሰከንድ ሮጠ፤ ይህም ሲድኒ ማሪ በ1981 ካስመዘገበው ወዲህ 40 ዓመት የቆየውን የኮሌጆች ክብረ ወሰን የሰበረ ነው። በዚያው ዓመት በኮሌጆች ሻምፒዮና በኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ኮል ሆከር ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ፤ በብሔራዊ ማጣሪያም ሦስተኛ ሆኖ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተመረጠ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ፈተና መጣ። ቶኪዮ ከደረሰ በኋላ የጭኑ ጡንቻ ስለ ተጎዳ ሳይሮጥ ከውድድሩ ወጣ። ለፕሮፌሽናል ሯጭ ያመለጠ ኦሊምፒክ ማለት የቀነሰ ውል፥ የተቋረጠ ገቢና የባከነ ዓመት ማለት ነው። ያሬድ ግን በዚያ ጊዜ ተማሪ ነበር፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ2022ም ጨረሰ። የደረሰበት ሐዘን የኦሊምፒክ ሐዘን እንጂ የእንጀራ ሐዘን አልነበረም። የኮሌጁ መንገድ ትልቁ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

በ2022 የጥርስ ሕክምናውን አሳብ ለጊዜው አቆይቶ ፕሮፌሽናል ሆነ። የገባውም ኦን የተባለው የስዊስ ጫማ ፋብሪካ በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ ወዳቋቋመው ቡድን ነው። አሠልጣኙ ዴተን ሪትዘንሃይን ራሱ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ2003 የኮሌጆችን አገር አቋራጭ ያሸነፈ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ያሬድ ለዓለም ሻምፒዮና አልተመረጠም፤ የልምምዱ ፍሬ የታየው በ2023 ነው። በጥር ወር በቤት ውስጥ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ28.24 ሰከንድ፥ በየካቲት ማይልን በ3 ደቂቃ ከ47.38 ሰከንድ ሮጦ ሁለት የአሜሪካ ክብረ ወሰኖችን ያዘ። በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር አምስተኛ ወጣ። በመስከረምም በዩጂን ከተማ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ43.97 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከ2007 ጀምሮ የቆየውን የአለን ዌብን የአሜሪካ ክብረ ወሰን በሦስት ሰከንድ ያህል አሻሻለ።

ነሐሴ 6 ቀን 2024 በፓሪስ የተደረገው የ1,500 ሜትር ፍጻሜ ለጥናታችን ልዩ ትርጉም አለው። ኮል ሆከር በ3 ደቂቃ ከ27.65 ሰከንድ ወርቅ፥ ስኮትላንዳዊው ጆሽ ኬር በ3 ደቂቃ ከ27.79 ብር፥ ያሬድ ንጉሤ በ3 ደቂቃ ከ27.80 ነሐስ አገኙ። ሆከር ከኦሪገን፥ ያሬድ ከኖተር ዳም እንደ መጡ አይተናል፤ ኬርም ከአገሩ ወጥቶ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፥ በ2017 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን የነበረ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ባለ ሜዳሊያዎች የዚያው የኮሌጅ ውድድር ልጆች ናቸው። አራተኛ የወጣው ኖርዌጂያዊው ያኮብ ኢንግብሪግትሰን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በአባቱ አሠልጣኝነት ያደገ ነው።

የካቲት 8 ቀን 2025 ያሬድ በኒው ዮርክ በቤት ውስጥ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ46.63 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብሩ የቆየለት አምስት ቀን ብቻ ነው፤ የካቲት 13 ቀን ኢንግብሪግትሰን በፈረንሳይ 3 ደቂቃ ከ45.14 ሰከንድ ሮጠ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሻምፒዮና ያሬድ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ስላልገባ ለቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር አልተመረጠም። በአንድ ዓመት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን መያዝና ከብሔራዊ ቡድን መቅረት ለአንድ ሰው ሊደርስ ይችላል። የሙያ ሩጫ ጠባይ ይህ ነው።

የዮሚፍ ቀጄልቻ መንገድ

ያሬድ የሰበረው ክብረ ወሰን የማን ነበር? የዮሚፍ ቀጄልቻ ነበር፤ እርሱም መጋቢት 3 ቀን 2019 በቦስተን በ3 ደቂቃ ከ47.01 ሰከንድ ያስመዘገበው ነው። ስለዚህ ክብረ ወሰኑ የተላለፈው በኢትዮጵያ ከተወለደ ልጅ ከኢትዮጵያውያን ወደ ተወለደ ልጅ ነው። ሁለቱ ግን የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው።

ዮሚፍ በ2013 በዶኔትስክ የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር፥ በ2014 በዩጂን የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። በ2015 በቤይጂንግ በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ2016ና በ2018 በቤት ውስጥ የ3,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2019 በዶሃ በ10,000 ሜትር ብር አገኘ፤ በጥቅምት 2024 በቫሌንሲያ ግማሽ ማራቶንን በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ2025 በቶኪዮ እንደ ገና በ10,000 ሜትር ብር አገኘ።

እንግዲህ ዕድሜያቸውን ስናስተያይ፥ ያሬድ በ2019 ገና የኮሌጆችን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ በሁለት ዓመት የሚበልጠው ዮሚፍ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። በፍጥነትም ሆነ በክብር የእኛ መንገድ ከኮሌጁ መንገድ አያንስም፤ እንዲያውም ለረጅም ርቀት ይበልጣል ማለት ይቻላል። ልጅነት ሳያልፍ ልምምድ ይጀመራል፤ በከፍታ ላይ ይኖራል፤ ከታላላቅ ሯጮች ጋር አብሮ ይሮጣል።

ይህ መንገድ ከትምህርት ቤት የራቀ ነው ማለትም አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት የሚደርሰው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ነበር። በቆጂ ላይ ደራርቱ ቱሉን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በጅምራቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። መንገዳችን ከትምህርት ቤት ይነሣል፤ ዳሩ ግን ከትምህርት ቤቱ በር ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይገባም። ተሰጥዎው የታየ ልጅ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም ወደ ክለብ ይሄዳል፤ በመከላከያ፥ በባንክ፥ በሲሚንቶ ፋብሪካ ስም የሚሮጡት ክለቦች ወርኃዊ ደመወዝ ይሰጡታል፤ ከዚያም ማናጀር ያገኝ እንደ ሆነ ወደ ውጭ አገር ውድድር ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁለቱ መንገዶች ሲመዘኑ

አንድን መንገድ በአሸናፊዎቹ መመዘን ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛ ሚዛን አይደለም። ወንዝ የሚያሻግር ድልድይ የሚመዘነው በብርቱዎቹ ዋናተኞች አይደለም፤ እነርሱ ድልድይ ባይኖርም ይሻገራሉና። ያሬድና ዮሚፍ ሁለቱም ተሻግረዋል። መጠየቅ ያለበት፥ ከእነርሱ ጋር ጀምረው ያልደረሱት ምን ሆኑ? የሚለው ነው።

በዓለም ሻምፒዮና አንድ አገር በአንድ ርቀት በመደበኛው የምታሰልፈው ሦስት ሯጮችን ነው። የፓሪሱን ኦሊምፒክ ብንመለከት፥ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ለአሸናፊዎች የ50,000 ዶላር ሽልማት ሰጥቷል፤ ይህም ለወርቅ ብቻ ነበር። በአንድ መቶኛ ሰከንድ ብር ያመለጠው ያሬድ ከዚህ ሽልማት ምንም አልደረሰውም። ጫፍ ላይ እንዲህ ከጠበበ፥ ከታች ምን ያህል እንደሚጠብብ መገመት አያዳግትም። የሩጫ ዕድሜም አጭር ነው፤ ጡንቻ ይቀደዳል፥ ጅማት ይታመማል፥ ከኋላ የሚመጣው ወጣት ይፈጥናል።

በኮሌጁ መንገድ የወደቀ ሯጭ፥ ትምህርቱን ከጨረሰ፥ መሐንዲስ፥ መምህር ወይም ሐኪም ሆኖ ይወድቃል። በእኛ መንገድ የወደቀ ሯጭ ግን ትምህርቱን ያቋረጠው በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ከሆነ፥ በ25 ዓመቱ እንደ ገና ከዘጠነኛ ክፍል መጀመር ይኖርበታል። የተሸነፈው በሩጫ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ነው። የሁለቱ መንገዶች ዋና ልዩነት በሚያፈሩት ወርቅ ብዛት ሳይሆን በውድቀት ዋጋ ነው። ዲግሪው ለኒክላውስና ለዉድስ ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ከእነርሱ ጋር በዚያው ሜዳ ላይ ተጫውተው ስማቸው ላልተሰማው ግን ዋናው ነገር እርሱ ነበር።

ለተሳካለት ሯጭም ቢሆን ትምህርት ከንቱ አይሆንም። ሙያተኛ ሯጭ ውል ይፈርማል፥ ግብር ይከፍላል፥ ከማናጀርና ከጫማ ፋብሪካ ጋር ይደራደራል፥ የሚወስደው መድኃኒት የተከለከለ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አለበት። ያላነበበውን ውል የሚፈርም ሰው በእግሩ ያገኘውን በእጁ ሊያጣ ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ የኮሌጁን መንገድ እንዳለ ወደ አገራችን እናምጣው ማለት ስሕተት ነው። መንገዱ የቆመው በብዙ ገንዘብ፥ በቴሌቪዥን ገቢና በሀብታም ምሩቃን ስጦታ ነው። ሯጮቹን በሦስት ወቅት ውድድር ያደክማል። ዮሚፍ በ2015 ከዓለም አዋቂዎች ጋር የሮጠውን ፍጻሜ ትቶ አራት ዓመት ለኮሌጅ ብቻ ይሩጥ የሚል ምክር ማንም አስተዋይ አይሰጠውም። ጥቂት እጅግ ብርቱዎች ቀደም ብለው መውጣታቸው ተገቢ ነው። ጥያቄው ስለ ብዙዎቹ ነው።

ቦልደርና ሐዋሳ

ያሬድ የሚለማመድባት ቦልደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ናት። ከበቆጂና ከአዲስ አበባ ብናነስም፥ የዓለም ሯጮች ለከፍታዋ ሲሉ ከሚሰበሰቡባት ከተማ ግን አናንስም።

ቦልደር የሯጮች ከተማ የሆነችው በከፍታዋ ብቻ አይደለም። በ1972 በሙኒክ ማራቶንን ያሸነፈው፥ ሻምበል ማሞ ወልዴ ሦስተኛ የወጡበትን ውድድር የመራው ፍራንክ ሾርተር፥ የየል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበር፤ በኋላም ሕግ ተምሯል። እርሱ ለልምምድ በቦልደር ተቀመጠ፤ በ1979ም በከተማዋ የ10 ኪሎ ሜትር የሕዝብ ሩጫ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ሌሎች ተከተሉት፤ ዩኒቨርሲቲው ሯጭና አሠልጣኝ አወጣ፤ አሠልጣኙ በከተማው ቀረ፤ ፋብሪካም ቡድን አቋቋመ። ይህ የሃምሳ ዓመት ሥራ ነው፤ ዋናው ማገሩ ግን አየሩና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ቦታ መገኘታቸው ነው።

እኛም ሁለቱ አሉን። ከታቦር ተራራ እስከ ሐይቁ ዳር የሚሮጥበት ምድር አለ፤ በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲያችንም የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል። ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊታሰብባቸው የሚገባ ሦስት ነገሮች ያሉ ይመስለናል።

አንደኛ፥ የጊዜ ነገር ነው። ለሯጭ ዋናው ልምምድ ማለዳ ነው። የክለብ ሯጭ የሆነ ተማሪ ትምህርቱን ከረፋድ በኋላ ወይም በማታው ክፍል እንዲከታተል ቢደረግ፥ ሁለቱን የሚያጋጨው ትልቁ ምክንያት ይወገዳል። የኮሌጆቹ የ20 ሰዓት ሕግ የሚያስተምረው ልምምድና ትምህርት እየተቀራረቡ እንጂ እየተሻሙ መኖር እንደሌለባቸው ነው።

ሁለተኛ፥ የዓመት ነገር ነው። የአራት ዓመት ትምህርት በስድስት ወይም በሰባት ዓመት ቢያልቅ ዲግሪው አይረክስም። ለውድድር የሄደ ተማሪ ተመልሶ ከተወበት የሚቀጥልበት የታወቀ ሥርዓት ቢኖር፥ ወጣቱ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አይገደድም።

ሦስተኛ፥ የእውቀት ልውውጥ ነው። የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ልምምድን መለካት፥ ጉዳትን መከላከል፥ አመጋገብን ማማከር ይማራል፤ የሕግና የንግድ ተማሪም ውልና ሒሳብ ያውቃል። በከተማችን ማለዳ የሚሮጡት ወጣቶች ደግሞ ይህን ሁሉ ይሻሉ። ዩኒቨርሲቲው ሯጮቹን ቢጠቅም፥ ሯጮቹም ለዩኒቨርሲቲው ሕያው የምርምር መስክ ይሆኑታል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የያሬድ ንጉሤ ሕይወት ኮሌጅ ሯጭን ያፈጥናል የሚለውን አያረጋግጥም። ያለ ኮሌጅ የሮጠው ዮሚፍ ቀጄልቻ በዚያው የማይል ክብረ ወሰን ላይ ከእርሱ ቀድሞ ደርሷል። የያሬድ ሕይወት የሚያረጋግጠው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ትምህርት ሩጫን እንደማያዘገይና፥ ሩጫ በከዳ ቀን ግን የሚያሳድር ቤት እንደሚሆን ነው። በ2021 በቶኪዮ ጡንቻው ሲጎዳ የሚመለስበት ክፍል ነበረው። ዛሬም ሩጫው ቢቆም በእጁ የባዮኬሚስትሪ ዲግሪ አለ።

አገራችን ሯጭ ለማፍራት ከማንም መማር አያስፈልጋት ይሆናል። መማር ያለባት ያልደረሰውን ሯጭ እንዴት እንደምትይዝ ነው። ወርቅ ይዞ የሚመለሰውን ለመቀበል አደባባይ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ባዶ እጁን የሚመለሰውን ግን የሚቀበለው ማን ነው? የዩኒቨርሲቲ በር ለእርሱ ክፍት ሆኖ ቢቆይ፥ ወላጆችም ልጃቸው ጫማውን ሲያጠልቅ ደብተሩን የጣለ ያህል ባልፈሩ ነበር።